ጠጠሩ ከምን ተሠራ?

ከስታዲየም ተነሥቶ በካዛንቺስ በኩል ወደ ኡራኤል በእግሩ የሄደ ሰው የሕክምና ምስል ማስታወቂያ ሳያይ አያልፍም። «ሲቲ ስካን አለን»፣ «24 ሰዓት እንሠራለን»፣ «ባለ 128 ስላይስ»። ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ፈርሳ መንገዱ ሰፍቷል፣ አሮጌዎቹ ቤቶች ሄደዋል። የምርመራ ገበያው ግን አልሄደም። ከክፍለ ሀገር የመጣው በሽተኛም፣ ከቢሮ ያስፈቀደው ሠራተኛም ያንን ትልቅ ፖስታ በብብቱ ይዞ ከአንዱ ሕንፃ ወደ ሌላው ይሻገራል።

ዛሬ የምጽፈው ከነዚህ ፖስታዎች ውስጥ ስለሚጎድል አንድ መስመር ነው። ጉዳዩ የኩላሊት ጠጠር ነው።

የደረሰበት ሰው አካሄዱን ያውቀዋል። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከጎን ተነሥቶ ወደ ብሽሽት የሚወርድ፣ ቆመው ተኝተው የማይለቅ ሕመም ይመጣል። ሁለቱንም ያዩ ሴቶች ከምጥ ጋር ያወዳድሩታል። የማስታገሻ መርፌ፣ የሽንት ምርመራ፣ አልትራሳውንድ፣ ከዚያ «ሲቲ ተነሥተህ ና»። ውጤቱ ሲመጣ እንበል እንዲህ ይላል፦ በቀኝ ኩላሊት 9 ሚሊ ሜትር የሚሆን ጠጠር አለ፣ ኩላሊቱም በመጠኑ አብጧል። የት እንዳለ ተነገረን፤ ምን ያህል እንደሆነም ተነገረን። ከምን እንደተሠራ ግን የሚናገር መስመር ወረቀቱ ላይ የለም፤ እኛም አንጠይቅም። ቀጥሎ የሚመጣው ወሬ የሌዘር ዋጋ ነው።

ምን ለውጥ ያመጣል? ለሚሉኝ መልሱ ቀላል ነው። ጠጠር ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። አብዛኛው፣ ከአራቱ ሦስቱ ያህል፣ ካልሲየም ያለበት ነው። ይህን በአፍ የሚዋጥ መድኃኒት አያሟሟውም፤ ወይ ትንሽ ከሆነ በራሱ ይወርዳል፣ ወይ ከውጭ በሞገድ ይፈረከሳል፣ ወይ በመሣሪያ ተገብቶ ይወጣል። ሥር የሰደደ የሽንት ኢንፌክሽን የሚያመጣው ሌላ ጠጠር አለ። በዘር የሚመጣና ጥቂቶችን ብቻ የሚይዝ ሲስቲን የሚባልም አለ። ከዚያ ደግሞ የዩሪክ አሲድ ጠጠር አለ፤ በብዙ አገሮች ከመቶ ጠጠር ከ5 እስከ 10 ያህሉ፣ በአንዳንድ ሞቃት አገሮች ደግሞ ከዚያ በላይ እሱ ነው።

ይህኛው ጠጠር ከወንድሞቹ የሚለየው ሳይነካ መሟሟት መቻሉ ነው። የሽንቱ አሲድነት ተቀንሶ ፒኤቹ ወደ 7 ገደማ ከፍ ብሎ ለሳምንታት ከቆየ ጠጠሩ ቀስ በቀስ ያልቃል። ማደንዘዣ የለም፣ ሌዘር የለም፣ ሆድ ውስጥ ተቀምጦ ሽንት በተሸና ቁጥር የሚያቃጥል ስቴንትም የለም። መድኃኒቱ ፖታሲየም ሲትሬት ነው፣ ወይም ሶዲየም ባይካርቦኔት። ሁለተኛው በየሱቁ የሚሸጠው ቤኪንግ ሶዳ ውስጥ ያለው ነገር ራሱ ነው። (ይህን አንብቦ ዛሬ ማታ ሶዳ በጥብጦ የሚጠጣ እንዳይኖር። የደም ግፊትና የልብ ሕመም ላለበት ሰው ሶዲየሙ ጉዳት አለው፤ ኩላሊቱ ለደከመ ሰው ደግሞ ፖታሲየሙ ልብ እስከ ማቆም ይደርሳል። መጠኑን ሐኪም ነው የሚያዘው፣ ሽንቱም በየጊዜው ይለካል።)

ስለዚህ «ከምን ተሠራ» የሚለው ጥያቄ ሳይጠየቅ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ከሚገቡት ሰዎች መካከል ጥቂቱ በክኒን ሊገላገሉት ለሚችሉት ነገር እየከፈሉ፣ እየተደነዘዙና እየታመሙ ነው ማለት ነው። ጥቂት ቢሆኑም ሰዎች ናቸው፤ ገንዘቡም ብዙ ጊዜ የዘመድ አዝማድ መዋጮ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ «ዩሪክ አሲድ» የሚለውን ቃል የማያውቅ ጎልማሳ ማግኘት ከባድ ነው። ቁርጥ ቤት ተቀምጦ «እኔ ዩሪክ አሲድ አለብኝ፣ ለእኔ ጎመን በሉልኝ» የሚል ሰው በየጠረጴዛው አይጠፋም። ጎረቤቱ ደግሞ «አንድ ቀን ምን ይልሃል» ብሎ ያጎርሰዋል። ታዲያ ብዙ ሰው ደሙ ውስጥ ዩሪክ አሲድ በዛ ከተባለ ጠጠሩም የዚያው ነው ብሎ ይደመድማል። ደሙ ልክ ከሆነም ጠጠሩ ሌላ ነው ይላል። ሁለቱም ስህተት ናቸው። የዩሪክ አሲድ ጠጠር እንዲፈጠር ከሁሉ በላይ የሚያደርገው የሽንቱ አሲድነት ነው። ፒኤቹ ከ5.5 በታች ሆኖ ከሰነበተ፣ ደሙ ውስጥ ያለው መጠን መካከለኛ ቢሆንም፣ ዩሪክ አሲዱ መሟሟት አቅቶት ይረጋል። የስኳር በሽታ ያለባቸውና ውፍረት የተጫናቸው ሰዎች ሽንት ደግሞ ወደ አሲድነት ያደላል። እንግዲህ ሥጋ በዓመት ሁለቴ የምትቀምሰው፣ ስኳር ያለባት እናትም ይህ ጠጠር ሊይዛት ይችላል፤ ሪህ ያለበት ሥጋ ወዳድም የካልሲየም ጠጠር ተሸክሞ ሊሄድ ይችላል።

በጣም የሚያስገርመኝ ሌላ ነገር አለ። የሽንት ፒኤች የሚለካው በየጤና ጣቢያው ባለችው ቀለም በምትቀይረው ስትሪፕ ነው። በተለመደው የሽንት ምርመራ ወረቀት ላይ ቁጥሩ ተጽፎ ይመጣል። እቤታችሁ ያለውን አሮጌ ውጤት አውጥታችሁ እዩት፤ ከ«ፕሮቲን» እና ከ«ስኳር» አጠገብ ተቀምጧል። የተከፈለበት ቁጥር ነው፤ ሕሙሙም አያየውም፣ ብዙ ጊዜ ሲቲ የሚያነበው ባለሙያም አይደርሰውም።

ስለ ጠጠር መነሻ ያለን የሰፈር ዕውቀትም ብዙ ነው። አንደኛው የጤፍ አሸዋ ነው። ጤፍ አውድማ ላይ በከብት ተወቅቶ ከአፈር ጋር ስለሚቀላቀል «ያ አሸዋ ነው ኩላሊት ውስጥ የሚጠራቀመው» ይባላል። እንጀራ ሲበሉ ጥርስ ሥር ቅጭ ያለው ሁሉ ይህን ማመኑ አይገርምም። ነገር ግን የዋጥነው አሸዋ በአንጀት ገብቶ በአንጀት ይወጣል፤ ወደ ደም አይገባም። ኩላሊት የሚያጣራው ደም ውስጥ የሟሟ ነገርን ነው። የኩላሊት ጠጠር እዚያው ሽንቱ ውስጥ የሚረጋ ጨው ነው እንጂ ከውጭ የገባ ድንጋይ አይደለም። ሁለተኛው የጀበናና የማንቆርቆሪያ ነጭ ቅርፊት ነው፤ «የጉድጓድ ውኃ እንዲህ ካደረገ ሆዳችንንማ» እንላለን። ቅርፊቱ ካልሲየም መሆኑ እውነት ነው። ግን ለጠጠር ዋናው አደጋ የውኃው ክብደት ሳይሆን የውኃው ማነስ ነው። ጠንካራ ውኃ ፈርቶ ቀኑን በሁለት ስኒ ቡናና በአንድ ለስላሳ የሚውል ሰው ነው ይበልጥ የሚያሰጋው።

ሦስተኛው የአምቦ ውኃ ነው። እዚህ ላይ የሰፈሩ ጥበብ ሙሉ በሙሉ ስቷል አልልም። አምቦ ባይካርቦኔት አለበት፤ ባይካርቦኔት ደግሞ ሽንትን ከአሲድነት ያርቃል። ስለዚህ «አምቦ ጠጠር ያጥባል» የሚለው አባባል ለዩሪክ አሲድ ጠጠር አቅጣጫው ልክ ነው፤ ምንም እንኳ የተለካ መድኃኒት ባይሆን። ለካልሲየም ጠጠር ግን ምንም አያሟሟም። ጭራሽ ሽንት ከልክ በላይ ከአሲድነት ከራቀ ካልሲየም ፎስፌት የሚባለው ጠጠር እንዲረጋ ይረዳዋል። አንዱን የሚያድነው ምክር ሌላውን ሊያብስ ይችላል ማለት ነው። ጎረቤት ለጎረቤት «እኔን ያዳነኝ ይኸው ነው» እያለ የሚያቀብለው ሁሉ እዚህ ላይ ይሰናከላል፤ ሁለቱም የተሸከሙት ጠጠር «ጠጠር» ከመባሉ በቀር ሌላ የሚያገናኘው ነገር ላይኖር ይችላል።

ታዲያ ጠጠሩ ሳይወጣ ከምን እንደተሠራ እንዴት ይታወቃል?

በተራ ራጅ የዩሪክ አሲድ ጠጠር አይታይም። በተለመደው ሲቲ ግን ሁሉም ማለት ይቻላል ይታያል፤ ሲቲ ለጠጠር የተመሰገነውም በዚህ ነው። ሲቲ ለእያንዳንዱ ነጥብ የጥግግት ቁጥር ይሰጣል፤ ቁጥሩ በፈልሳፊው በእንግሊዛዊው መሐንዲስ በጎድፍሬይ ሃውንስፊልድ ስም ይጠራል። የዩሪክ አሲድ ጠጠር ብዙውን ጊዜ ከ500 በታች ያሳያል፤ ጠንካራው የካልሲየም ጠጠር ከ1000 ሊያልፍ ይችላል። ችግሩ መካከል ላይ ያሉት ናቸው። ትንሽ የካልሲየም ጠጠር ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ይነበባል፤ የኢንፌክሽንና የሲስቲን ጠጠሮችም እዚያው መሐል ገብተው ይቀላቀላሉ። በአንድ ቁጥር ብቻ መፍረድ ያሳስታል።

መፍትሔውን መርካቶ ልብስ የገዛ ሁሉ ያውቀዋል። ሱቁ ውስጥ አምፖል ሥር ሁለቱ ጨርቅ አንድ ይመስላሉ፤ ነጋዴውም «አንድ ነው እመቤቴ» ይላል። እናቶቻችን ግን ጨርቁን ይዘው ደጅ ወጥተው በፀሐይ ያዩታል፤ ያኔ አንዱ ጥቁር፣ ሌላው ጥቁር ሰማያዊ ሆኖ ይገኛል። ጨርቁ አልተለወጠም፣ ብርሃኑ ነው የተለወጠው። ዱዋል ኢነርጂ ሲቲ፣ ማለትም በሁለት የጨረር ኃይል የሚያነሣው ሲቲ፣ የሚሠራው ይህንኑ ነው። አንዱን ጠጠር በዝቅተኛ ኃይል፣ ለምሳሌ በ80 ኪሎ ቮልት፣ ከዚያም በከፍተኛ፣ በ140 ኪሎ ቮልት ያየዋል። ካልሲየም ከበድ ያለ ንጥረ ነገር ስለሆነ ዝቅተኛውን ጨረር አብዝቶ ይውጣል፤ ስለዚህ በሁለቱ ምስሎች ላይ ቁጥሩ በጣም ይለያያል። ዩሪክ አሲድ ግን የተሠራው ከካርቦን፣ ከሃይድሮጅን፣ ከናይትሮጅንና ከኦክስጅን ነው። እነዚህ ቀላል ናቸው፤ በሁለቱም ብርሃን ቁጥሩ ብዙም አይለወጥም። ኮምፒውተሩ ሁለቱን ያነጻጽርና ቀለም ይቀባል፤ በብዙ ማሽኖች ዩሪክ አሲዱ ቀይ፣ ካልሲየሙ ሰማያዊ ሆኖ ይወጣል። ያንን ምስል አንድ ጊዜ ያየ ሰው አይረሳውም፤ ሕፃንም ያነበዋል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በሲቲ የመጀመሪያው ሰው የተነሣው እ.ኤ.አ. በ1971 ለንደን ውስጥ ነው፤ ሃውንስፊልድም እ.ኤ.አ. በ1973 ባወጣው ጽሑፉ አንዱን ቦታ በሁለት የተለያየ ኃይል አንሥቶ ንጥረ ነገሮችን መለየት እንደሚቻል ጠቁሞ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1979 የኖቤል ሽልማቱን አብሮት የተካፈለው አለን ኮርማክ ደግሞ ደቡብ አፍሪካዊ ነው፤ ነገሩን ማሰላሰል የጀመረው ኬፕታውን በሚገኝ ሆስፒታል ሲሠራ ነው። የሲቲ ሒሳብ በከፊል የአፍሪካ ልጅ ነው ብል የሚቆጣኝ አይኖርም። ሁለት የጨረር ምንጭ ያላቸው ማሽኖች ወደ ገበያ የገቡት ግን 2005 እና 2006 እ.ኤ.አ. ገደማ ነው። ሃያ ዓመት ሊሆን ነው። ዛሬ የአውሮፓ የዩሮሎጂ መመሪያም ይህ ዘዴ ዩሪክ አሲድን ከካልሲየም እንደሚለይ ጽፎ አስቀምጦታል።

ወሰኑንም ልናገር፤ ማሽን የሚያመልክ ጽሑፍ እንዳይሆንብኝ። ዘዴው «ዩሪክ አሲድ ነው ወይስ አይደለም» ለሚለው በጣም ጥሩ መልስ ይሰጣል። ካልሲየሙን ከካልሲየም፣ ኦክሳሌቱን ከፎስፌት በመለየት በኩል ግን ያን ያህል አይታመንም። ጠጠሩ ከ3 ሚሊ ሜትር ካነሰም ይሳሳታል። ሁለት ዓይነት ነገር የተቀላቀለበት ጠጠርም ያስቸግረዋል።

አሁን ወደ ማስታወቂያው ልመለስ። «ባለ 128 ስላይስ» ማለት ማሽኑ በአንድ ዙር ስንት ስስ ምስል እንደሚቆርጥ የሚናገር ቁጥር ነው። ፍጥነትና ጥራት ይነግረናል፤ ለልብ ምርመራ ትልቅ ነገር ነው። ስለ ጠጠሩ ሥሪት ግን ምንም አይነግረንም። ስላይሱ ብዙ ሆኖ በአንድ ኃይል ብቻ የሚያነሣ ማሽን አለ። ሁለት ኃይል የሚችል ሆኖ ደግሞ ሶፍትዌሩ ስላልተገዛ ወይም ባለሙያው ስላልሠለጠነበት እንደ ተራ ማሽን የሚኖር አለ፤ አምራቾቹ ይህን ችሎታ ብዙ ጊዜ ለብቻው በተጨማሪ ክፍያ ነው የሚሸጡት። የመኪና ገበያችንን አስታወሰኝ፤ ሲሲውን ጠይቀን ፍሬኑን ሳናይ የምንገዛውን።

ሌላም ሊታወቅ የሚገባው ነገር አለ። ሁለት ኃይል ለማግኘት የግድ ሁለት የጨረር ምንጭ ያለው ውድ ማሽን አያስፈልግም። አንዳንዱ በአንድ ምንጭ ኃይሉን በቅጽበት እያፈራረቀ ያነሣል፤ አንዳንዱ ጨረሩን በሚቀበለው በኩል ሁለት ድርብ አድርጎ ይለየዋል። ከሁሉ ቀላሉ ደግሞ አንድ ቦታ ሁለት ጊዜ፣ አንዴ በዝቅተኛ አንዴ በከፍተኛ ኃይል ማንሣት ነው። ይህ የመጨረሻው ተገቢው ሶፍትዌር እስካለ ድረስ በአንድ ምንጭ ማሽንም ይቻላል። በሽተኛው በመሐል እንዳይንቀሳቀስ ብቻ ነው።

እንግዲህ ዋጋውን እናውራ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ማሽኑም፣ የማሽኑ ቱቦም፣ መለዋወጫውም በዶላር ነው የሚመጣው። የሲቲ ዋጋ የጨመረበትን የግል ማዕከል መውቀስ ቀላል ነው፤ እኔ ግን ለመውቀስ አልቸኩልም። የምቸኩለው በዚህ ዋጋ የተገዛ ማሽን የሚችለውን ሁሉ ሳይናገር መሸኘቱ ላይ ነው። በሽተኛው ጨረሩን ተቀብሏል፣ ገንዘቡን ከፍሏል፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ቢጨመርለት ምን ይጎዳል?

«ይህ ሁሉ ቅንጦት ነው» የሚል ክርክር እንደሚመጣ አውቃለሁ። ተራ ሲቲ ለማግኘት መቶ ኪሎ ሜትሮችን የሚጓዝ ሕዝብ ባለበት አገር፣ ካዛንቺስ ላይ ቀይና ሰማያዊ ጠጠር እንይ ማለት ያስተዛዝባል ይባላል። ክርክሩ ክብደት አለው፣ አላቃልለውም። ለጠጠር ብቻ ተብሎ አዲስ ማሽን ይገዛ የሚል ሰው ቢመጣ እኔም አልስማማም። ነገር ግን ጠጠር የሚይዘው ማንን እንደሆነ እንይ። ጠጠር የሙቀትና የውኃ ጥም በሽታ ነው። ወደ ኩዌትና ኢራቅ በረሃ የተላኩ የአሜሪካ ወታደሮች ላይ በተደረገ ጥናት፣ ጠጠር የያዛቸው ወታደሮች ሕመሙ የጀመራቸው እዚያ ከደረሱ በአማካይ በ93 ቀናቸው ነበር፤ ሦስት ወር ብቻ። እዚያው ባሕረ ሰላጤ አካባቢ ለዓመታት የሚሠሩ ልጆቻችንን አስቡ። ከዚያ ወደ ቤት እንምጣ፤ የጅቡቲን መስመር የሚያመላልሱ የከባድ መኪና ሾፌሮችን አስቡ። አዋሽን አልፎ ሚሌ፣ ሎግያ፣ ጋላፊ፤ በሞቃቱ ወራት ከ40 ዲግሪ የሚያልፍ ሙቀት ከሞተር ሙቀት ጋር ተደምሮ፣ ለሽንት ላለመቆም ውኃ መቆጠብ፣ ለእንቅልፍ ጫት፣ ለጫቱ ጣፋጭ ለስላሳ። ሽንቱ እንደ ሻይ ጠቁሮ ቢወጣ ምን ይገርማል? መተማና ሁመራ ሰሊጥ የሚያጭደው የቀን ሠራተኛም፣ ጋምቤላ ያለው ወታደርም እንዲሁ ነው።

እነዚህ ሰዎች ሲብስባቸው አዲስ አበባ ይመጣሉ። ለእነሱ አንድ የሌዘር ሕክምና ማለት ዋጋው ብቻ አይደለም፤ አልጋ ኪራይ፣ አስታማሚ፣ የቆመ መኪና፣ ያመለጠ የአጨዳ ወቅት ነው። ስቴንት ተደርጎለት የሚሄድ ሰው ደግሞ ስቴንቱን ለማስወጣት እንደገና መመለስ አለበት። የማይመለሱ አሉ፤ ስቴንት ውስጥ ተረስቶ ራሱ ጠጠር ሲለብስ ሐኪሞች በደንብ የሚያውቁት ችግር ነው። ስለዚህ «በክኒን የሚሟሟ ጠጠር ነው» የሚለው ዜና ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው የካዛንቺሱን ሀብታም ሳይሆን ሎግያ የሚመለሰውን ሾፌር ነው። ሀብታሙ ሌዘሩንም ቢሆን ይችለዋል።

በሌላ በኩል፣ ለጠጠር ሁሉ ሲቲ ይነሣ የምል እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2014 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን የወጣ፣ 2,759 ሕሙማንን ያሳተፈ የአሜሪካ ጥናት በአልትራሳውንድ መጀመር በሽተኛን ለከፋ አደጋ እንደማያጋልጥና ጨረሩንም እንደሚቀንስ አሳይቷል። አንድ የተለመደ የሆድ ሲቲ ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሲቨርት ጨረር ሊሰጥ ይችላል፤ ሰው ከምድርና ከሰማይ በተፈጥሮ የሚያገኘው በዓመት በአማካይ 2.4 ነው። ለጠጠር ግን ከ3 ሚሊ ሲቨርት ገደማ በማያልፍ ዝቅተኛ ጨረር ማንሣት ይቻላል፤ ጠጠር በስብ መሐል ያለ ደማቅ ነገር ነውና ብዙ ብርሃን አይፈልግም። የተሻለው ሥርዓት ይህ ነው፦ መጀመሪያ አልትራሳውንድ፤ ሲቲ ካስፈለገ በዝቅተኛ ጨረር ጠጠሩን መፈለግ፤ ከተገኘ በኋላ በሁለት ኃይል ጠጠሩ ያለበትን ቦታ ብቻ ማየት። ሆድን በሙሉ ሁለት ጊዜ መጥበስ አይደለም። ነፍሰ ጡር ደግሞ በአልትራሳውንድ ነው የምትጀምረው።

ራዲዮሎጂስቶቻችንን መክሰስም አልፈልግም። ወደ እነሱ የሚሄደው ወረቀት ላይ የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ «ጠጠር?» የምትል አንዲት ቃል ናት፤ እነሱም የተጠየቁትን ነው የሚመልሱት። ለውጡ ከወረቀቱ መጀመር አለበት። የሚልከው ሐኪም የሽንቱን ፒኤች ይጻፍበት፣ ስኳርና ሪህ እንዳለ ይጻፍበት፣ «ሥሪቱ ይገለጽ» ይበልበት። መልሱ ላይ የጠጠሩ ቦታና መጠን ብቻ ሳይሆን የሃውንስፊልድ ቁጥሩም ይስፈር፤ ይህ በማንኛውም ተራ ሲቲ ላይ አይጥ ወስዶ የመጫን ያህል ሥራ ነው። ቁጥሩ ዝቅ ያለ፣ ሽንቱም አሲዳማ የሆነ ሰው ከተገኘ ያኔ ሁለት ኃይል ወዳለበት ይላክ። እንዲህ ከተለየ ለሁሉም ውድ ማሽን አያስፈልግም፤ ለሚያጠራጥሩት ብቻ ነው።

የመንግሥት ሆስፒታሎችን በተመለከተ ደግሞ ጥያቄዬ ለጤና ሚኒስቴርና ለኢትዮጵያ የመድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ነው። ለሪፈራል ሆስፒታል አዲስ ሲቲ ጨረታ ሲወጣ መስፈርቱ ላይ ሁለት ኃይል የማንሣት ችሎታው ከነሶፍትዌሩና ከነሥልጠናው ይካተት። በኋላ ለብቻው እንግዛው ማለት ዋጋውም፣ ምልልሱም ሌላ ነው። ማሽኑ ደግሞ ለጠጠር ብቻ አይደለም የሚሠራው፤ ሪህን መገጣጠሚያ ላይ ያሳያል፣ ሳንባ ላይ የረጋ ደም ለማየትም ይረዳል። የኢትዮጵያ ጤና መድን አገልግሎትም ያስላው፤ ለሳምንታት የሚዋጥ መድኃኒት መክፈል ይሻላል ወይስ የቀዶ ሕክምና ክፍል፣ ማደንዘዣና የሁለት ጊዜ ቀጠሮ? ሳይታከም ቆይቶ ኩላሊት የሚያበላሽ ጠጠርም አለ፤ የኩላሊት እጥበት ዋጋ ምን እንደሚመስል በየታክሲው ከሚዞረው የእርዳታ ጥሪ ሁላችንም ሰምተናል። በ2008 ዓ.ም. በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የኩላሊት ንቅለ ተከላ ሲጀመር አገር በሙሉ ተደስቷል፣ ደስታውም ተገቢ ነበር። ኩላሊቱ ሳይበላሽ የሚያድን ሥራ ግን ጋዜጣዊ መግለጫ አይጠራበትም።

እስከዚያው በእጃችሁ ያለውን እነግራችኋለሁ። ጠጠር አለብህ የተባለ ሰው ሐኪሙን «ከምን የተሠራ ይመስልዎታል? የሽንቴ ፒኤች ስንት ነው? ቁጥሩስ በሲቲው ላይ ስንት ነው?» ብሎ በትሕትና ይጠይቅ። ከጎን ሕመም ጋር ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከመጣ ግን የሥሪት ጥያቄ ይቆይ፤ ያ የተዘጋና የመገለ ኩላሊት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሌሊት ሆስፒታል መድረስ ነው። ከ5 ሚሊ ሜትር ያነሰ ጠጠር አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይወርዳል፤ እንደሚወርድ ከተነገራችሁ በሻይ ማጥለያ ወይም በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ እያጠለላችሁ ሽኑ። የወደቀውን ፍሬ አትጣሉት። በውኃ አለቅልቃችሁ፣ አድርቃችሁ፣ በትንሽ ክዳን ባለው ብልቃጥ ይዛችሁ ወደ ሐኪማችሁ ሂዱ። ጠጠር እንደ ደም አይበላሽም፤ ደርቆ ከሎግያ እስከ አዲስ አበባ በኪስ ይመጣል።